የማያስነሳው ሶፋ

በሰፈራችን ትክክለኛ ስሜን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። «ጋሽ ምቾት» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ግን ሱቅ በሱቅ እየጠቆሙ ደጄ ድረስ ያመጧችኋል። ሶፋ ሠሪ ነኝ። አፌን ከከፈትኩ «ምቾት» ሳልል ስለማልዘጋው ስሙን እነሱ አወጡልኝ። ሆዴም ስሙን ያግዘዋል፤ ከሩቅ ስመጣ ራሴ የሶፋ ማስታወቂያ ነው የምመስለው።

እንጨቱን ቆርጦ የሚገጥምልኝ ጎረቤቴ አናጢው ነው። ሰው ሁሉ «ቀጭኑ» ይለዋል፤ እኔ አጠገቡ ስቆም ደግሞ ይብስበታል። ከእንጨቱ በኋላ ያለው ሥራ የእኔ ነው። ላስቲኩን እወጥራለሁ፣ ሞላውን አስራለሁ፣ ስፖንጁን ቆርጬ በኮላ አጣብቃለሁ፣ ጨርቁን አለብሰዋለሁ። ሲያልቅ የራሴ ፈተና አለኝ። ደንበኛውን አስቀምጬ ወሬ እይዝለትና ድንገት «እስቲ ይነሱ» እለዋለሁ። ቶሎ ከተነሳ ሶፋው አላለቀም ማለት ነው፤ ስፖንጅ እጨምርበታለሁ። ሰውየው ወደ ፊት ወደ ኋላ ብሎ፣ አቅቶት፣ እየሳቀ እጁን ከዘረጋልኝ ግን ልቤ ቅቤ ይጠጣል። «ከእኔ ሶፋ በራሱ የተነሳ የለም» እያልኩ ሰፈሩን ሳደነቁር ነው የኖርኩት። ይቺን አባባሌን ያዙልኝ፤ ኋላ እኔኑ ዞራ ትነክሰኛለች።

ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት። እሷ ስታረግዝ እኔ ነበርኩ ሰፈር ለሰፈር ሆዴን ነፍቼ የምዞረው። ቀኗ ደርሶ ሆስፒታል ስትገባ ሕፃኑ በጎን ተኝቶ ተገኘና ሐኪሞቹ በኦፕራሲዮን ይወለድ አሉ። እኔ ስፈራ ሥራዬ ይመጣብኛል። የኮሪደሩን የብረት ወንበር እየዳበስኩ «ይሄ ሰው ያስቀምጣል?» እያልኩ ጥበቃውን አስመረርኩት። ሰውየው መጨረሻ ላይ «አባት፣ ካልተመቸዎት ይቁሙ» አለኝ። ቆምኩ። ወንድ ልጅ ተወለደ ሲሉኝ መልሼ እዚያው ብረት ላይ ዘፍ አልኩ፤ ያን ቀን ቆረቆረኝ ካልኩ ውሸቴን ነው።

በነጋታው ነርሷ ለልጄ ስትመክራት በሩ ሥር ቆሜ ነበር። «በጎንሽ ዞረሽ፣ በክንድሽ ተደግፈሽ ነው የምትነሺው። በሆድሽ እንዳትነሺ። ከሕፃኑ የከበደም ነገር እንዳታነሺ» አለቻት። በደንብ ሰምቻለሁ። ግን ለሶፋ ሠሪ የሚነገር ስላልመሰለኝ በዚህ ጆሮዬ ገብቶ በዚያ ወጣ። ልጄ ፊቷ ገርጥቶ ሳያት ሆዴ ባባ። ሆዴ ሲባባ ደግሞ እቀልዳለሁ፤ ሌላ አላውቅበትም። «ይሄን አልጋ የሠራው ሰውዬ ከሰው ልጅ ጋር ቂም አለው» አልኳት። ሳቀች። ወዲያው ሆዷን ያዘችና «አባዬ፣ አታስቀኝ፣ ስፌቱ...» ብላ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ሚስቴ ክንዴን ይዛ ወደ ኮሪደር አወጣችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ዳግመኛ ብትቀልድ እዚህ ደጅ አትደርስም» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከልጄ ጋር ስቀመጥ የማወራው ስለ አየር ጠባይ ብቻ ሆነ። ስለ ደመና ይህን ያህል የሚባል ነገር እንዳለ አላውቅም ነበር።

የስጦታው ነገር የመጣው ከሆስፒታል ልትወጣ ስትል ነው። ሚስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ለልጃችን ወገባቸው ከፍ ብሎ ስፌቱን የማይነኩ ሰፋፊ የውስጥ ልብሶችና ለማጥባት ከፊት በቁልፍ የሚከፈቱ ቀሚሶች ሰፋችላት። ከዚያ መሥሪያዬ ድረስ መጥታ «ቁራጭ ስፖንጅ ስጠኝ፤ ጠንከር ያለውን» አለችኝ።

«ምን ልታደርጊው?»

«ትንሽ ትራስ ልሠራላት ነው። ስታስል፣ ስታስነጥስ ሆዷ ላይ ጫን አድርጋ ትይዘዋለች። ስፌቱን ይደግፍላታል።»

ወለሉ ላይ ከወደቀው ውስጥ የጫማዬ ዱካ ያለበትን ቁራጭ አንስቼ ሰጠኋት። «ለአንድ ልጅሽ የምትሰጪው ይሄን ነው?» ብዬም አፌዝኩባት።

«አንተ ምን ልትሰጣት ነው?»

«ታዪዋለሽ።»

«ምን እንደሚያስፈልጋት መጀመሪያ ጠይቃት እንጂ።»

«ስለ ምቾት የሚጠየቀው እኔ ነኝ» አልኳት። ይህን ስናገር ቀጭኑ ከጎን ሰምቶኝ ነበር። እስከ ዛሬ ሰው ሲሞላ ይደግምልኛል።

እንግዲህ የዕድሜዬን ሶፋ ሠራሁ። ለሰው ሁሉ የማደርገውን ስፖንጅ ደርቤ፣ መቀመጫውን ወደ ውስጥ አጥልቄ፣ መደገፊያውን ወደ ኋላ አጋድሜ፣ ሰው ከተቀመጠበት ጉልበቱና ጣሪያው ብቻ የሚታየው ነገር አደረግሁት። ራሴ ሞከርኩት። ቀጭኑ ጎትቶ ሲያስነሳኝ ወገቡን ያዘው። «ይሄ ለአራስ ነው?» ሲለኝ «ለንግሥት ነው» አልኩት።

የልጄ ባል የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ሲናገር ቃል የሚቆጥብ ሰው። በሩን ነቅለን፣ የግድግዳውን ቀለም ፍቀን፣ ሶፋውን ሳሎናቸው ውስጥ አስገባነው። ቦታ ጠበበ። እኔ መቼ ይቸግረኝና፣ የምግብ ጠረጴዛውን ሁለት ወንበሮች አንስቼ «እነዚህ ይቆረቁራሉ» ብዬ ወደ መሥሪያዬ ወሰድኳቸው። ቤቱ ውስጥ ከአልጋውና ከእኔ ሶፋ በቀር መቀመጫ የሚባል አልቀረም። ልጄ ባሏን ተደግፋ ገባች፣ አየችው፣ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ሰመጠች።

«እንዴት ነው?»

«በጣም ያምራል፣ አባዬ።»

ባሏም ተቀምጦ አየውና «አባባ፣ ይሄ ለእኔ ሥራ አይሆንም። እንቅልፍ ይወስዳል» አለ። ከእሱ አፍ ይህን ያህል ምስጋና ወጥቶ ስለማያውቅ ወደ ቤቴ የሄድኩት እግሬ መሬት ሳይነካ ነው።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ስልክ እደውላለሁ። ሌላው አባት ቢሆን «ቁስልሽ እንዴት ነው? ልጁ ይጠባል?» ይላል። እኔ ገና ስታነሳው «ሶፋው እንዴት ነው?» ነው የምለው። «ይመቻል፣ አባዬ» ትለኛለች። ሚስቴ ጠዋት ወደ ሥራዋ ስትሄድና ማታ ስትመለስ እሷ ጋ ትገባለች። አንድ ማታ ራት እየበላን «ልጅህ ከዚያ ሶፋ መነሳት ይቸግራታል። እኔ ወይ ባሏ ካልጎተትናት አትነሳም» አለችኝ። እኔ ሞኙ ፊቴ በራ። «አላልኩሽም?» አልኳት። ሚስቴ ማንኪያዋን አስቀምጣ ትክ ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ሳህኗን ይዛ ተነሳች።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ለሶፋው የእግር ማሳረፊያ ሠርቼ፣ ሳልደውል፣ ብብቴ ሥር ሸጉጬው ሄድኩ። ማስደነቄ ነው። ገና ደረጃው ላይ ሳለሁ የሕፃኑ ልቅሶ ተሰማኝ። ሕፃን ያለቅሳል፤ ምንም አልመሰለኝም። በሩ ጋ ደርሼ ባንኳኳ የሚከፍት የለም፤ ልቅሶው ግን እየባሰ፣ እየተቆራረጠ፣ ድምፁ እየተዘጋ ሄደ። ያኔ ደነገጥኩ። እጀታውን ገፋ ሳደርገው በሩ አልተቆለፈም ነበር።

ልጄ ሶፋው ውስጥ ናት። እግሯ ተዘርግቷል፣ በሁለት እጇ ጨርቁን ጨብጣዋለች፣ ቀሚሷ ከፊት በወተት ርሷል። ላብና እንባዋ ተደባልቆ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። ሕፃኑ መኝታ ቤት ነው። «አባዬ፣ ልጄን» አለችኝ። የእግር ማሳረፊያውን ጥዬ ሮጥኩ። ሕፃኑ ፊቱ በርበሬ መስሎ ነበር። አምጥቼ ሰጠኋትና ጡቷን ሲይዝ እሱ ዝም አለ፤ እሷ ግን ማልቀስ ጀመረች።

«እየሰማሁት መነሳት አቃተኝ» አለች። «በጎኔ ልዙር አልኩ፣ መሀሉ መልሶ ይከተኛል። ወደ ፊት ልንሸራተት አልኩ፣ ስፌቱ ተቀደደ መሰለኝ። ምን ዓይነት እናት ነኝ? ልጄ እዚህ ግድም ሆኖ እያለቀሰ ደርሼ ማንሳት ያልቻልኩ።»

«ብቻሽን ስትሆኚ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አልኳት።

«አይ፣ ሰው ከሌለ አልቀመጥበትም።»

«የት ትቀመጫለሽ ታዲያ? አልጋው ላይ?»

«አልጋው ዝቅ ያለ ነው፤ እሱም ያስቸግረኛል። ወጥ ቤት ቆሜ ነው የማጠባው፤ የዕቃ ማጠቢያውን ተደግፌ። ዛሬ እግሬ ዛለብኝና ትንሽ ልረፍ ብዬ...»

ሆዷ ተከፍቶ የተሰፋ ልጄ፣ የሶፋ ሠሪ ልጅ፣ መቀመጫ አጥታ የዕቃ ማጠቢያ ተደግፋ ስታጠባ ከርማለች። እኔ ደግሞ በየቀኑ እየደወልኩ ምስጋናዬን ስሰበስብ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደስ ብሎህ ነበር፣ አባዬ» አለች።

አንጀቴን በላችው። የወደቀውን የእግር ማሳረፊያ አንስቼ፣ አቧራውን ጠርጌ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ያ የእግር ማሳረፊያ በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የማይረባው ዕቃ ነው፤ እሱን ማንም አይወስድብኝም።

ደውዬ ሚስቴን ጠራኋት። መጥታ ሁሉን ከሰማች በኋላ አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ልጃችንን ጎትታ አስነስታ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠቻት፣ የመኝታ ቤቱን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው፣ ከዚያ ወደ ሶፋው ጠቆመችኝ። «ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ።

«እጆችህን ሆድህ ላይ አድርግ። አሁን ሆድህን ሳታጠብቅ ተነስ።»

ይሄ ምን ይቸግራል ብዬ ነበር። ሆዴን ሳላጠብቅ አንገቴን ብቻ አነሳሁ። ሌላው አካሌ አልሰማኝም። ወደ ግራ ዞርኩ፤ የኮራሁበት ስፖንጅ አቅፎ ወደ መሀል መለሰኝ። ወደ ቀኝ ዞርኩ፤ ያው ነው። እጄን ወደ ሶፋው ክንድ ብሰድ፣ እኔው ራሴ ለስላሳ ይሁን ብዬ ስፖንጅ የጠቀጠቅኩበት ነውና ውስጡ ገባ። መጨረሻ ላይ በጎኔ ተንከባልዬ ወርጄ፣ ምንጣፉ ላይ በአራት እግሬ ቆሜ ቀረሁ። ሱሪዬም ከኋላ ተተረተረ።

ከመኝታ ቤት የታፈነ ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል ልጄ ያቺን ትንሽ ትራስ ሆዷ ላይ ጭምቅ አድርጋ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና ትስቃለች። አላመማትም፤ ቢያንስ እንደ ሆስፒታሉ ቀን አልሆነችም። ትራሷን ለየኋት። የጫማዬ ዱካ ያለበት ቁራጭ ናት፤ ሚስቴ አጥባ ጨርቅ አልብሳታለች። ከእኔ ቤት ከወጣው ስፖንጅ ሁሉ ልጄን የረዳት ወለል ላይ የጣልኩት ነው።

ወንበሮቿን በዚያኑ ቀን መለስኩ። ነገር ግን እነሱም ክንድ የላቸውም፤ ስትነሳ እጇን የምታሳርፍበት የለም። ስለዚህ ሜትሬን ይዤ ሄድኩና «ቁሚልኝ እስቲ» አልኳት። ከተረከዟ እስከ ቋንጃዋ ለካሁ። ቁጭ ስትል ክርኗ የት እንደሚደርስ፣ ስትነሳ መዳፏ የት ላይ እንደሚጫን ለካሁ። ይህን ሁሉ ዘመን የሰዎችን ሳሎን ስለካ ኖሬ የሚቀመጠውን ሰው ለክቼ አላውቅም።

«ሌላስ ምን ያስፈልግሻል?» አልኳት። ይህችን ጥያቄ ለመጠየቅ ስንት ነገር እንደተሰበረ እናንተ አይታችኋል።

«መቀመጫው ጠንካራ ይሁን። ከፍ ይበል። ደግሞ ከወንበሩ ሕፃኑን ማየት እፈልጋለሁ።»

ቀጭኑ የነገርኩትን ሲሰማ እርሳሱ ከጆሮው ወደቀ። «ከፍ ያለ? ጠንካራ? ቀጥ ያለ? ጋሽ ምቾት፣ አመመህ እንዴ?» አለኝ። ሠራነው። እግሩ ረጅም፣ መደገፊያው ቀጥ ያለ፣ ክንዶቹ ለመጨበጥ እንዲመቹ ከመቀመጫው ወደ ፊት ወጣ ያሉ። የቀረኝን ጠንካራ ስፖንጅ መቀመጫው ላይ ብቻ ስስ አድርጌ አለበስኩት፤ እጄ ልማዱ ሆኖ ልደርብ ሲል በሌላኛው እጄ ያዝኩት። ሲያልቅ ተቀመጥኩበት። ወዲያው ተነሳሁ። በእኔ ፈተና ወድቋል።

ተሸክሜው በሰፈሩ መሀል ሳልፍ ሰው ከየሱቁ ወጣ። «ጋሽ ምቾት፣ ዳኛ ሆንክ እንዴ?» አለኝ አንዱ። ሌላው ፀጉር አስተካካይ ቤት ከፈትክ ወይ አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቆሜ እመልስላቸው ነበር፤ ያን ቀን ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ አለፍኩ።

ወንበሩን ሳሎን ውስጥ የመኝታ ቤቱ በር ትይዩ አስቀመጥኩት፤ ከእሱ ላይ ሆኖ የሕፃኑ አልጋ ይታያል። ልጄ ሁለቱን ክንዶች ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«የግራው ክንድ ጠርዙ መዳፌን ይወጋኛል» አለች።

ሚስቴ ደንግጣ አየችኝ። ይህች ልጅ ከተፈጠረች ጀምሮ ስለ እኔ ሥራ ከ«ያምራል» በቀር ተናግራ አታውቅም። ደስታዬ ሌላ ነው። ብርጭቆ ወረቀቴን ከኪሴ አውጥቼ እግሯ ሥር ተንበረከክሁና «እዚህ ጋ? ወይስ እዚህ?» እያልኩ ሞረድኩት። እሷም እየዳበሰች «ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ እዚያ» አለችኝ።

ሥራዬን ጨርሼ፣ ጉልበቴ ስለደከመ፣ ሳላስበው ሄጄ የራሴ ሶፋ ላይ ዘጭ አልኩ። ወዲያው ሕፃኑ አለቀሰ።

ሚስቴ ልትሄድ አንድ እግሯን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። እኔ ከሰመጥኩበት ሁለት እጄን ዘረጋሁ፤ ምን ላደርግ እንደሆነ እንጃ። ልጄ ማንንም አላየችም። ወደ መቀመጫው ጫፍ ተንሸራተተች፣ እግሯን ወደ ራሷ ሳበች፣ መዳፏን ክንዶቹ ላይ ጫነችና ተነሳች። ቆማ ትንሽ ተነፈሰች። ከዚያ ግድግዳውን እየነካካች ሄዳ ልጇን ራሷ አነሳች። «መጣሁ፣ መጣሁልህ» ስትለው ሰማኋት። አለቀስኩ። ሚስቴ እያየችኝ ስለሆነ ላብ ነው ማለት አልቻልኩም።

ቁጭ ብላ አጠባችው። ሲጠግብ እንደገና በራሷ ተነስታ መጣችና ደረቴ ላይ አስተኛችልኝ። ክብደቱ ሲጨመር ሶፋው ሌላ ትንሽ ዋጠኝ። ሕፃኑ አገሳና ሸሚዜ ላይ ትንሽ ወተት ተፋ፤ ከዚያ እንቅልፍ ወሰደው። ትንሽ ቆይቼ መሥሪያዬን ሳልቆልፍ መምጣቴ ትዝ አለኝ። ልነሳ ሞከርኩ። አቃተኝ። እንደ ልማዴ እጄን ወደ ልጄ ዘረጋሁ።

«እስቲ ሳብ አድርጊኝ።»

ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ከላይ ወደ ታች አየችኝ። ትራሷን ከጎኗ አንስታ ሆዷ ላይ ያዘች፤ ለምን እንደያዘች ኋላ ነው የገባኝ።

«አልችልም፣ አባዬ» አለች። «ከሕፃኑ የከበደ ነገር እንዳላነሳ ተከልክያለሁ።»

ሚስቴ ሳቀች። ልጄም ትራሷን ጭምቅ አድርጋ እስክትጠግብ ሳቀች። እኔ እንቅልፋሙን እንዳልቀሰቅሰው ሆዴን ይዤ፣ ድምፄን ውጬ ሳቅኩ። ሚስቴን «አስነሽኝ» ብላት ቦርሳዋን አንስታ ወደ ሥራዋ ሄደች። የልጄ ባል አውቶቡሱን አስረክቦ እስኪመጣ ድረስ እኔና የልጅ ልጄ እዚያው ሰምጠን ቆየን።